ሄርኩለስ ላይ ዴቢያን እየጫንኩ ነው፤ ጌስቱ ከላፕቶፔ አልፎ ኢንተርኔት አያገኝም

የማታዋ፦

ሰላም ወገኖች። ሜይንፍሬም የነካ ሰው እዚህ ካለ እርዱኝ። ማንም የለም ብላችሁ ብቻ እንዳታሳፍሩኝ።

ያለሁት አሜሪካ ነው። በአንድ ዳታ ሴንተር የማታ ፈረቃ እሰራለሁ። ኬብል መቀየር፣ የተበላሸ ዲስክ መንቀል፣ ቲኬት መዝጋት፣ ስራዬ እሱ ነው። ከእኛ ረድፍ ማዶ በሽቦ አጥር የተከለለ ጥቁር ካቢኔ አለ። ሜይንፍሬሙ፣ ትልቁ የድርጅት ኮምፒውተር ማለቴ ነው፣ እሱ ነው። የሚነኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ጡረታቸው ደርሷል። ታዲያ እኔስ ለምን አልማርም ብዬ ተነሳሁ። እውነተኛውን ማንም እንደማያስነካኝ ስለማውቅ ሄርኩለስን፣ ሜይንፍሬምን በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ጫንኩ።

ላፕቶፔ ኡቡንቱ ነው። ሃይፐርዮን የሚባለውን የሄርኩለስ ቅጂ ከሶርስ ኮዱ ገንብቼ ነው የጫንኩት። እሱ ላይ ለሜይንፍሬም የተዘጋጀውን ዴቢያን ሊኑክስ፣ ኤስ390ኤክስ የሚሉትን፣ እየጫንኩ ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ያለችው የኔትወርክ መስመር አጭር ናት። ከ0400 ጀምሮ ሁለት ዲቫይስ፣ ዓይነቱ ሲቲሲአይ (ጌስቱን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ የሄርኩለስ መስመር)፣ ከዚያ 10.1.1.2፣ ከዚያ 10.1.1.1። የመጀመሪያው አይፒ የጌስቱ (ሄርኩለስ ውስጥ የሚሄደው ዴቢያን)፣ ሁለተኛው የላፕቶፔ።

አይፒኤል (ቡት) ሳደርገው በደንብ ይነሳል። ኢንስታለሩ ጥያቄዎቹን በሄርኩለስ ኮንሶል ላይ በጽሁፍ ያመጣል። መልሴን ነጥብ አስቀድሜ እጽፋለሁ። ነጥቧን ከረሳኋት ሄርኩለስ ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለውና ይቆጣል። የኔትወርክ ዓይነት ሲጠይቀኝ ሲቲሲ አልኩ። ማንበቢያው 0400፣ መጻፊያው 0401፣ ፕሮቶኮሉ 0። ከዚያ በኤስኤስኤች ግቢና ቀጥይ አለኝ። ገባሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አማን ነው።

ከላፕቶፑ ጌስቱን ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል። ከጌስቱም 10.1.1.1ን ሳደርግ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ግን ወፍ የለም። የቤቴን ራውተር እንኳን አያገኝም። ስለዚህ ኢንስታለሩ ፓኬጅ የሚያወርድበት ሰርቨር ጋ ሲደርስ ይቆማል።

የሞከርኩት፦ የናት መስመር ጨምሬያለሁ፤ ከ10.1.1.0 የመጣ ሁሉ በዋይፋዩ ሲወጣ የላፕቶፑን አድራሻ ይልበስ የሚል። አይፒ ፎርዋርዲንግን፣ ላፕቶፑ የሌላን ፓኬት እንዲያሳልፍ የሚፈቅደውን፣ ላበራ ስሄድ ደግሞ ቀድሞውኑ 1 ሆኖ አገኘሁት። ዩኤፍደብሊው ፋየርዎል ጠፍቷል። ምን ቀረኝ?


ቢኒ_ኔት፦

ይሄ ቀላል ነው። ናቱን ተይውና ብሪጅ ፍጠሪ። ዋይፋዩንና ታን 0ን (ሄርኩለስ ላፕቶፑ ላይ የሚፈጥረውን ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ) አንድ ብሪጅ ውስጥ ክተቻቸው፣ ራውተርሽ ራሱ አይፒ ይሰጠዋል። እኔ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ አስቸግሮኝ አያውቅም።

በዛውም ዜድኦኤስ (የአይቢኤም ሜይንፍሬም ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የሚወርድበትን ሊንክ የሚያውቅ አለ?


አሮጌው ኦፕሬተር፦

ቢኒ፣ ቀስ በል የኔ ልጅ። ብሪጁ እዚህ ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል።

አንደኛ፣ ሲቲሲአይ የሚጠቀመው ታን ነው እንጂ ታፕ አይደለም። በታን የሚያልፈው ባዶ የአይፒ ፓኬት ነው፤ የኢተርኔት ፍሬም የለውም፣ ማክ አድራሻ የለውም። ብሪጅ ደግሞ የሚሰራው በማክ አድራሻ ነው። ሁለተኛ፣ ታፕ ቢሆን እንኳን ዋይፋይ እንቢ ይላል። አክሰስ ፖይንቱ የሚያውቀው ከእሱ ጋር የተመዘገበውን የላፕቶፑን ማክ ብቻ ነው። ከጀርባው በሌላ ማክ የሚመጣ ፍሬም አይቀበልም። ሊኑክስም ይህን ስለሚያውቅ ተራ የዋይፋይ ካርድ ብሪጅ ውስጥ ላስገባ ስትለው ይከለክልሃል። ቨርቹዋልቦክስ የሚሰራልህ በዋይፋይ ሲሆን ማክ አድራሻውን ከውስጥ ሆኖ ስለሚለዋውጥልህ ነው። ሄርኩለስ ያንን አያደርግም።

ስለ ዜድኦኤስ፣ አይቢኤም በሄርኩለስ ላይ ለሚጫወት ሰው ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ ሊንክ ከእኔ አትጠብቅ። መማር ከፈለግክ አይቢኤም ዜድ ኤክስፕሎር የሚባል አለልህ፤ በነጻ እውነተኛ ዜድኦኤስ ላይ ያስገባሃል። በሄርኩለስ ላይ በነጻ የሚኬደው ኤምቪኤስ 3.8 ጄ ነው፣ የዜድኦኤስ ቅድመ አያት፣ የ1981 ዕቃ። ግሩም ሲስተም ነው፤ እኔ ሙያውን የለመድኩት በእሱ ዘመድ ላይ ነው። ግን ከራሱ ጋር የመጣ ቲሲፒ አይፒ የለውም፤ ስለዚህ ለዚህች ልጅ ጥያቄ አይጠቅማትም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። ብዙ ሰው የሚወድቅበትን አልፈሽዋል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርሽ።

ሲቲሲ ማለት ከቻናል ወደ ቻናል ነው። ከሲስተም 360 ዘመን ጀምሮ ሁለት ሜይንፍሬሞችን ጎን ለጎን አቁመን በቀጥታ የምናገናኝበት መሳሪያ ነበር። በአንዱ አድራሻ ይነበባል፣ በሌላው ይጻፋል፤ ሁለት ዲቫይስ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ያንቺ ዴቢያን አሁን ከማዶ ሌላ ሜይንፍሬም የቆመ ይመስለዋል። ማዶ ያለው ግን ሄርኩለስ ነው፤ የመጣለትን ተቀብሎ ለላፕቶፕሽ ታን ያቀብላል። ፕሮቶኮል 0 ማለትሽም ልክ ነው። 1 ሁለቱም ወገን ሊኑክስ ሲሆን ነው፣ 3 ማዶው ዜድኦኤስ ወይም ኦኤስ390 ሲሆን።

ፒንግ በሁለቱም አቅጣጫ ከሄደልሽ ይህ ሁሉ ጤነኛ ነው። ሁለቱ አይፒዎች ተገላብጠው ቢሆን ላፕቶፑ የጌስቱን አድራሻ የራሴ ነው ብሎ ይይዘው ነበር። ሄርክአይኤፍሲ የምትባለዋ ረዳት ፕሮግራም የሩት መብት ባታገኝ ደግሞ ታኑ አይፒ አይዝም፣ ገና ሲነሳ ቀይ ስህተት ታዪ ነበር። ስለዚህ ሄርኩለስንም ዴቢያንንም አትንኪያቸው። ችግሩ ላፕቶፕሽ ውስጥ ነው።

መገመቱን ትተን ፓኬቱ የት እንደሚሞት እንይ። ሁለት ተርሚናል ክፈቺ። በአንዱ ቲሲፒደምፕ፣ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ታን 0ን ይስማ፣ በሌላው ዋይፋዩን። ከዚያ ከጌስቱ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጊ። ታን 0 ላይ ምንም ካልታየ ጌስቱ ዲፎልት ጌትዌይ የለውም። ዋይፋዩ ላይ 10.1.1.2 የሚል ላኪ ይዞ ከታየ ናትሽ አልያዘም። ታን 0 ላይ ታይቶ ዋይፋዩ ላይ ከጠፋ፣ መሃል ላይ የሚበላው አለ ማለት ነው። የናት መስመሩንም ቆጣሪ ተመልከቺልኝ፤ ስንት ፓኬት እንደነካ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፎርዋርዲንግ ቀድሞ 1 ነበር ብለሻል። ኡቡንቱ ሲጫን 0 ነው። ማን አበራው?


የማታዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግኩ።

ታን 0 ላይ ፒንጉ አንድ በአንድ ሲመጣ ይታያል። መልስ የለም። ዋይፋዩ ላይ ጭጭ ነው። የናት መስመሩ ቆጣሪ ዜሮ ላይ ነው፣ አንድም ፓኬት አልነካም።

ማን አበራው ላሉኝ እኔ አይደለሁም። ላፕቶፑን ከእኔ ሌላ የሚነካው የለም። ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ሰርቪሶች አየሁ፦ ብሉቱዝ፣ ፕሪንተር፣ ኤስኤስኤች፣ ዶከር፣ ኔትወርክ ማኔጀር። ሌላው ሲስተምዲ ራሱ የሚያስነሳቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ፎርዋርዲንግ የሚነካ አለ እንዴ?


አሮጌው ኦፕሬተር፦

ተገኘ! ዶከር ነው፣ ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬደው።

ዶከር ኮንቴይነሮቹን ከውጭ ለማገናኘት አይፒ ፎርዋርዲንግ ያስፈልገዋል። ሲነሳ ጠፍቶ ካገኘው ራሱ ያበራዋል። መልካም። ነገር ግን ሲያበራው አንድ ነገር ይጨምራል፤ ማሽንሽን ሳታውቂው ለማንም ክፍት ራውተር እንዳያደርገው ብሎ የፎርዋርድ ቼይኑን (በማሽኑ በኩል ለሚያልፍ ፓኬት የተጻፈውን የፋየርዎል ደንብ ዝርዝር) ፖሊሲ ድሮፕ፣ ማለትም ጣል፣ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ በላፕቶፕሽ በኩል ሊያልፍ የሚሞክር፣ ግን የዶከር ያልሆነ ፓኬት ሁሉ በዝምታ ይጣላል። የስህተት መልእክት የለም፣ ሎግ የለም።

የናት ቆጣሪሽ ዜሮ የሆነውም ለዚህ ነው። ናቱ የሚሰራው ፓኬቱ ፎርዋርድን አልፎ ሊወጣ ሲል ነው። ያንቺ ፓኬት እዚያ አልደረሰም። መስመርሽ ልክ ነው፣ ሰው አልመጣለትም እንጂ። ዩኤፍደብሊውን ማጥፋትሽም ለዚህ ምንም አይለውጥም፤ ዶከር ደንቦቹን የሚጽፈው በቀጥታ አይፒቴብልስ ላይ ነው።

ፖሊሲውን ወደ አክሴፕት መልሺው የሚልሽ ሰው ይኖራል። ይሰራል፣ እኔ ግን አልወደውም። የቡና ቤት ዋይፋይ ላይ ተቀምጠሽ ላፕቶፕሽን ራውተር ማድረግ ምን ያደርግልሻል? ዶከር ራሱ ለተጠቃሚው የተወው ቼይን አለ፣ ስሙ ዶከር ዩዘር። ከሌሎቹ የዶከር ደንቦች ቀድሞ ይነበባል። እዚያ ሁለት መስመር አስገቢ። አንዷ ላኪው ከ10.1.1.0 የሆነን፣ በዋይፋዩ የሚወጣን አሳልፍ ትበል። ሁለተኛዋ መድረሻው 10.1.1.0 የሆነ፣ ቀድሞ ከተጀመረ ግንኙነት የሚመለስ መልስን አሳልፍ ትበል። ሁለተኛዋን አትርሺያት። እሷ ከሌለች ፒንጉ ይወጣል፣ መልሱ በር ላይ ይቀራል፣ እኛም እዚህ ሌላ ሌሊት እናድራለን።

ደንቡን በታን 0 ስም ሳይሆን በአድራሻ ጻፊው ያልኩሽ በምክንያት ነው። ቪፒኤን የምትጠቀሚ ከሆነ አንዳንዱ ቪፒኤን ቀድሞ ተነስቶ ታን 0ን ይወስዳል። ያኔ ሄርኩለስ የሚያገኘው ታን 1 ነው። በስም የተጻፈ ደንብ ያን ቀን ይከዳሻል።


የማታዋ፦

ጋሼ!! 8.8.8.8 መለሰ። ዋይፋዩም ላይ ፓኬቱ የላፕቶፑን አድራሻ ለብሶ ሲወጣ አየሁት። የናት ቆጣሪውም መቁጠር ጀመረ።

ግን ኢንስታለሩ አሁንም የዴቢያንን ሰርቨር በስሙ አላገኘውም ይላል። በቁጥር ፒንግ ይሄዳል፣ በስም አይሄድም። የዲኤንኤስ ሰርቨር ሲጠይቀኝ የላፕቶፔን ሪዞልቭ ፋይል ከፍቼ እዚያ ያለውን 127.0.0.53 ነበር የሰጠሁት።


የዜድቪኤም_ሰው፦

ይሄንን እኔ ልመልሰው፣ ጋሼ ይረፉ።

127.0.0.53 የኡቡንቱ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ አድራሻ ነው። በ127 የሚጀምር ሁሉ ራሱ ማሽኑ ማለት ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ሲሆን ላፕቶፑን ይጠይቃል። ጌስቱ ውስጥ ስትጽፊው ጌስቱ ራሱን ይጠይቃል፣ እዚያ ደግሞ የሚመልስ የለም። የራውተርሽን አድራሻ ስጪው፣ ወይም 8.8.8.8ን። በሲቲሲ ላይ ዲኤችሲፒ ስለማይሰራ ዲኤንኤሱን እንደ አይፒው ሁሉ በእጅሽ ነው የምታስገቢው። እንደገና መጀመር አያስፈልግሽም፣ በኢንስታለሩ ሜኑ ወደ ኔትወርክ ማስተካከያው ተመለሺ።

እግረ መንገዴን፣ ያ በአጥር የተከለለው ካቢኔ ውስጥ ዜድቪኤም (በአንድ ሜይንፍሬም ላይ ብዙ ጌስት የሚያስኬደው የአይቢኤም ሲስተም) ካለ ኔትወርኩ እንዲህ አይደለም። እኔ የምውለው እዚያ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሊኑክስ ጌስት ቨርቹዋል ኒክ (የኔትወርክ ካርድ) እንሰጠዋለን፣ ዓይነቱ ኪውዲአይኦ። ሦስት ተከታታይ አድራሻ ይይዛል፣ ለምሳሌ 0600፣ 0601፣ 0602፤ ማንበቢያ፣ መጻፊያ፣ ዳታ። ኒኩ ቪስዊች ከሚባለው ቨርቹዋል ስዊች ላይ ይሰካል። ቪስዊች የመጣው በ2003 ከዜድቪኤም 4.4 ጋር ነው። ከዚያ በፊት በሲስተሙ ውስጥ ላሉት ጌስቶች ራውተር የሚሆን ሌላ ጌስት ማቆም የተለመደ ነበር።

እኛ ጋ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ችግር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ጌስቱ በቪስዊቹ ላይ ግራንት ካልተሰጠው ኒኩ አለ፣ ሊኑክሱም ያየዋል፣ ግን አልተሰካም። የሊኑክስ ሰው ቀኑን ሙሉ ድራይቨር ሲፈትሽ ይውላል። ከጌስቱ ኮንሶል ኩዌሪ ኒክ ዲቴይልስ ብሎ ቢጠይቅ በአንድ አፍታ ያየው ነበር።

ሁለተኛው ሌየር ነው። ቪስዊቹ ኢተርኔት ተብሎ ከተፈጠረ ሌየር 2 ነው፣ በማክ አድራሻ ይሰራል፤ አይፒ ተብሎ ከተፈጠረ ሌየር 3፣ በአይፒ አድራሻ። ኪውዲአይኦ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክሱ ኪውኢቲኤች ድራይቨርም በዚያው መጠን መስተካከል አለበት፤ ሌየር 2 የሚለው ቅንብር 1 ወይም 0። ካልተስማሙ ካርዱ አልነሳም ይላል፣ ወይ ተነስቶ ምንም አያሳልፍም። ቅንብሩ ደግሞ ዲቫይሱ ኦንላይን ከመሆኑ በፊት ነው የሚቀየረው። ኦንላይን ካደረጉት በኋላ የሚታገሉ ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ ኦፍላይን አድርጉት።


የማታዋ፦

ራውተሩን ሰጠሁት፣ ሰርቨሩን በስሙ አገኘው። አሁን ፓኬጆቹን እያወረደ ነው። ኸረ ቀርፋፋነቱ! ሲፒዩው መቶ ፐርሰንት ላይ ነው፣ ፋኑ እንደ ጄኔሬተር ይጮኻል። ግን ይሄዳል።

የዜድቪኤም ሰው፣ ስለ ግራንቱ ያልከኝን በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። ከሁለቱ አንዱን በእረፍት ሰዓት ቡና ይዤ እጠይቃቸዋለሁ፣ የቪስዊች ስም ስጠራ ፊታቸውን ማየት ነው የምፈልገው።

ሁለት ነገር ልጠይቅና ልተዋችሁ። ላፕቶፑን ሳጠፋው እነዚህ ደንቦች ይጠፋሉ? ደግሞ ኤክስ3270ን፣ የሜይንፍሬም ተርሚናል የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ለማገናኘት ሌላ ናት መጻፍ አለብኝ?


አሮጌው ኦፕሬተር፦

ይጠፋሉ። ዶከር ሲነሳ ዶከር ዩዘር ቼይኑን ባዶውን ይፈጥረዋል፣ መስመሮችሽ አይኖሩም። ሦስቱንም፣ ናቱን ጨምሮ፣ በትንሽ ስክሪፕት ጽፈሽ ከዶከር በኋላ እንዲነሳ የሲስተምዲ ሰርቪስ አድርጊው። ከዶከር በፊት ከተነሳ ቼይኑ ገና ስለሌለ ስህተት ይሰጥሻል። ታኑ ራሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሄርኩለስ ሲነሳ ይፈጠራል፣ ሄርኩለስ ሲዘጋ ይጠፋል። በአድራሻ የተጻፈ ደንብ በዚያ መካከል ምንም አይሆንም፣ ታኑ እስኪመለስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

3270ው ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ኤክስ3270 የሚገናኘው ከጌስቱ አይፒ ጋር ሳይሆን ከሄርኩለስ ከራሱ ጋር ነው። ኮንፊግ ፋይልሽ ላይ የኮንሶል ፖርት የሚል መስመር አለ፣ ብዙ ጊዜ 3270 ነው። ከላፕቶፑ ራሱ ወደ ላፕቶፑ ራሱ፣ በዚያ ፖርት ተገናኚ። ሄርኩለስ ያንን በቻናል ላይ የተሰካ ተርሚናል አድርጎ ለጌስቱ ያሳየዋል። ኤምቪኤስ 3.8 ጄ ኔትወርክ ሳይኖረው ተርሚናል የሚቀበለው በዚህ መንገድ ነው። ለዴቢያንሽ ግን ኤስኤስኤች ይበልጥሻል።

ጭነቱ ሲያልቅ ሲቲሲአዩን አስቀምጠሽ ኪውኢቲኤች ሞክሪ። ሃይፐርዮን ይችለዋል። እንደ ዜድቪኤሙ ሰውዬ ሦስት አድራሻ ስጪው፣ ከ0400 ጀምሮ ከሆነ ዴቢያኑ ካርዱን ኢኤንሲ400 ብሎ ይጠራዋል። በሥራ ቦታሽ የምታዪው ድራይቨር እሱ ነው፤ ሲቲሲን ዛሬ በአዲስ ሲስተም ላይ የሚያቆም ሰው ብዙ አታገኚም።


ቢኒ_ኔት፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ብሪጁ ግን በምንም መንገድ አይሆንም ማለት ነው?


አሮጌው ኦፕሬተር፦

ይሆናል እንጂ። ላፕቶፑን ከዋይፋይ ነቅለህ በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካው። ሄርኩለስ ላይም ሲቲሲአዩን በኤልሲኤስ፣ በሌላው የሄርኩለስ የኔትወርክ ዲቫይስ ዓይነት፣ ቀይረው፣ እሱ ከታፕ ጋር ስለሚሰራ ማክ አድራሻ አለው። ያኔ ኬብሉንና ታፑን አንድ ብሪጅ ውስጥ ትከታቸዋለህ፣ ለጌስቱ ከራውተሩ ኔትወርክ ነጻ የሆነ አይፒ ትሰጠዋለህ። ናቱን ትረሳዋለህ። ዶከሩን ግን አሁንም ፈትሸው፣ ብሪጅ ላይ የሚያልፈውንም ፎርዋርድ ቼይኑ ሊይዝብህ ይችላል።